ጅቡን ሳታዩ ጅቡን ማወቅ

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ጋራው ሊጀምር ሲል ያለው የመጨረሻው ብሎክ ላይ። ከኋላችን አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ጅምር ቤቶች፣ ከጅምር ቤቶቹ ወዲያ ባህር ዛፍ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ደም፣ ሽንትና ሰገራ ስመረምር እውላለሁ። የጠዋት ተረኛ ስሆን ገና ሳይነጋ እነሳና 12 ሰዓት ሲል ወደ ታክሲው እጀምራለሁ።

እዚህ ሰፈር ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ጅብ በዓይኔ ያየሁት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አምስቱንም ጀርባውን ነው ያየሁት። ደብተሬ ግን ሞልቷል። ሌሊት በየት በኩል እንዳለፉ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉ፣ አንደኛው የትኛውን እግሩን እንደሚያሳርፍ ሳይቀር ጽፌያለሁ። ይህን የምጽፈው "ጅብ አለ አሉ" እያለ ተሳቆ የሚያድር ጎረቤት ስለበዛ ነው። አዎ፣ አለ። ካለ አይቀር እንተዋወቀው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ የሌሊት ሥራ አይደለም። ባትሪ ይዛችሁ ጅብ ፍለጋ ጫካ እንድትገቡ አልመክርም፤ እኔም አላደርገውም። ጅቡ ሌሊት ሥራውን ይሠራል። እናንተ ሲነጋ ወጥታችሁ የጻፈውን ታነባላችሁ። ከቤት እስከ ታክሲ ያለው መንገድ ይበቃል።

የትኛው ጅብ?

አገራችን ውስጥ ሦስት ዓይነት የጅብ ዘር አለ። ነጠብጣም ጅብ፣ ባለ መስመር ጅብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምስጥ እየላሰ የሚኖር ትንሽዬና ዓይን አፋር ዘመዳቸው ነው። በዓለም ላይ የቀረው አራተኛው፣ ቡናማው፣ ደቡብ አፍሪካ አካባቢ ነው የሚገኘው። አዲስ አበባ ዳር ቆሻሻ የሚያገላብጠውና ሌሊት የሚጮኸው ነጠብጣሙ ነው።

ውሻ ይመስላል እንጂ ዘሩ ወደ ድመት ወገን ያደላል። ይበልጥ የሚቀርቡት እነ ፋሮና ጥርኝ ናቸው። ደግሞ ተረታችን ሁልጊዜ "አያ ጅቦ" ይላል። መንጋውን የምታዘው ግን "እትዬ" ናት። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ልጅም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ወንዱ ሲያድግ ከተወለደበት መንጋ ወጥቶ ሌላ ዘንድ ይሄድና ከመጨረሻው ረድፍ ይጀምራል። "ጅብ ወንድም ሴትም ነው" የሚባለውም እንዲሁ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። የሴቷ ብልት ልክ የወንዱን መስሎ ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ የምትሸናውም የምትወልደውም በዚያው ነው። ስለዚህ በሩቁ ያያችሁትን "ወንድ ነው" ብላችሁ ደብተር ላይ አትጻፉ። እኔ "ጅብ" ብዬ ብቻ አልፋለሁ።

ዱካ የት ይገኛል?

ኮብልስቶን ላይ አትድከሙ። አስፋልትም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያባከንኩት እዚያ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ ድንጋይ ለድንጋይ ስሄድ ያየኝ ሰው ወርቄ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ይፈልግ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ጅምር ቤት አጠገብ የተደፋ አሸዋ ነው። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ጅብም ውሻም አሸዋ ክምር ላይ መውጣት ይወዳል። ከዚያ ቀጥሎ አጥር ስር ያለች ቀዳዳ፣ የጎርፍ ቱቦ አፍ፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ያለ አቧራ። ክረምት ላይ መረሬው ጭቃ ሆኖ ዱካ በጥልቀት ይይዛል፤ ግን ውሃ ይገባበትና ጠርዙ ይፈርሳል። እኔ የምወደው ጥቅምትን ነው። ጭቃው ጠንክሮ ገና አልተሰነጠቀም፤ የሌሊቱ ጤዛ ደግሞ አቧራውን ያረጥበዋል።

አሸዋ ከሌለ አመድ አለ። እንጀራ በእንጨት የሚጋግር ጎረቤት አይጠፋም። አመዱን በወንፊት ነፍታችሁ ጅቡ ያልፍበታል ብላችሁ ባሰባችሁት ቀዳዳ ላይ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርጋችሁ ማታ ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ጠዋት ደብዳቤ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የድመት ነው። እሱም ቢሆን ደስ ይላል።

ከብሎካችን ፊት ለፊት ያለውን ጅምር ቤት የሚጠብቁ አንድ ዘበኛ አሉ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ አሸዋቸው ላይ ተንበርክኬ ሲያገኙኝ ደንግጠው ነበር።

"ምን ጠፋሽ ልጄ?"

"ምንም አባባ። የጅብ ዱካ እያየሁ ነው።"

"ሰው ከጅብ ይሸሻል፤ አንቺ ትከተይዋለሽ?" ብለው ሳቁ። ለብዙ ወራት ባዩኝ ቁጥር ይስቁ ነበር።

ውሻ ነው ወይስ ጅብ?

ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። የመጀመሪያዬን "የጅብ ዱካ" በጄሶ ቀርጬ፣ መሥሪያ ቤት ድረስ ወስጄ ለሁሉም አሳይቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የጥበቃው ትልቅ ውሻ መሆኑን ያወቅኩት። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ ውሻው ዓይኔ እያየ እዚያው አሸዋ ላይ አንድ ሌላ ረግጦልኝ ሄደ።

ሁለቱም አራት ጣት አላቸው፤ የሁለቱም ጥፍር ይታያል። ስለዚህ ጥፍር ቆጥራችሁ አትፍረዱ። የሚለየው የመሃሉ መዳፍ ነው። የውሻ መዳፍ ሦስት ማዕዘን የመሰለና ግራ ቀኙ እኩል ነው፤ በጣቶቹና በመዳፉ መካከል በእንጨት ኤክስ ብትሰምሩ መስመሩ መዳፉን ሳይነካ ያልፋል። የጅብ መዳፍ ግን ሰፊና ወፍራም ነው፤ ኋላው ወደ አንድ ጎን ይንጋደዳል። ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ኩላሊት ጎበጥ ጎበጥ ብለው መዳፉ ላይ ይተኛሉ። ጥፍሩ ደብዛዛ ነው፤ የውሻ ጥፍር ሹል ነጥብ ይተዋል።

ሁለተኛው ምልክት መጠን ነው። የአንዱን ዱካ መጠን ማለቴ አይደለም። የፊቱን ከኋላው ጋር አስተያዩት። ጅብ ክብደቱ ያለው ፊቱ ላይ ነው፤ አንገቱና ትከሻው ወፍራም፣ ዳሌው ዝቅ ያለ። ስለዚህ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው በግልጽ ይተልቃል። የፊቱ ወደ 10 ሳንቲሜትር ይጠጋል። "ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል" የምንለውም ከዚህ አቋሙ ሳይሆን አይቀርም። የኋላ እግሩ አጭር ስለሆነ ጤነኛም ሆኖ ሲሄድ የሚያነክስ ይመስላል።

በእውነት የሚያነክሰውን ለመለየት አንድ ዱካ አይበቃም፤ አምስት ስድስት ተከታታይ ዱካ ፈልጉ። በየአንዳንዱ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። አንዱ እግር ሁልጊዜ ቀለል ብሎ ካረፈ፣ እርምጃውም በዚያ በኩል ካጠረ፣ ያ እግር ችግር አለበት ማለት ነው። የእኔ "ግራ ፊት" የምለው ጅብ የተገኘው እንደዚህ ነው። ካየሁት ስምንት ወር ሆኖኛል። ማለትም፣ ዱካውን ካየሁት።

ጄሶ

ፎቶ ጥሩ ነው፤ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ እንጂ ጫማችሁን አታስቀምጡ፤ የጫማችሁን ቁጥር ማን ያውቃል? ቅርጹ በእጃችሁ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ግን ጄሶ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አንድ ኪሎ ስጡኝ ስትሉ ይስቁባችኋል፤ ቻሉት።

ዱካውን የሚከብብ ቀለበት ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቆርጬ ነበር። ጠበበና አንድ ጣት ውጭ ቀረ። የአምስት ሊትር ዘይት ጀሪካን ይሻላል። አራት ጣት ያህል ከፍታ ያለው ቀለበት ቆርጣችሁ ዱካው ዙሪያ በቀስታ አፈሩ ውስጥ ሰካ አድርጉት። ዱካው ውስጥ የወደቀ ቅጠል ካለ አንሱ፤ መሬቱ ውስጥ የተጣበቀውን ግን ተዉት፣ ከነቀላችሁት ዱካው አብሮ ይነቀላል።

አንድ ኩባያ ውሃ ላይ ሁለት ኩባያ ጄሶ። ጄሶውን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ይጓጉላል። በቀስታ አማስሉ፤ ከፈጠናችሁ አረፋ ይገባበታል፣ አረፋው የጣቱ ቅርጽ ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ወፍራም አጥሚት ሲመስል ጊዜ አትስጡት። ደግሞ ቀጥታ ዱካው ላይ አትድፉ። ጠርዙ ላይ አፍስሱና ራሱ ተንሸራቶ ይግባ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጥፍራችሁ ስትነኩት ሸክላ የመሰለ ድምፅ ሲሰጥ ከስሩ ካለው አፈር ጋር አንስታችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉት። ወዲያው ለማጠብ አትቸኩሉ፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። ሁለት ቀን ደርቆ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ጀርባው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የትኛው እግር እንደሆነ ጻፉ። እኔ ያልጻፍኩባቸው ሦስት ጄሶዎች አሉኝ፤ አሁን የወረቀት ማስቀመጫ ሆነው ነው የሚያገለግሉት።

ጆሮ

ይህ ከአልጋ ሳይወረድ የሚሠራ ነው። ጅብ ሲጮህ ከወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ ይነሳና በመጨረሻው ወደ ላይ ይመዘዛል፤ "ኡ…ዉፕ!" ከዚያ ይደግማል፣ ይደግማል። ሌሊቱ ጸጥ ካለ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሰማል። ስለዚህ "በራችን ላይ ነበር" ያለ ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አለ፤ ኬንያ ማሳይ ማራ ውስጥ ጅቦች አንገት ላይ ድምፅ መቅጃ ታስሮ የተሠራ። ጩኸቱ የግለሰብ መለያ እንዳለው አገኙ። አንዱ ከሌላው በድምፁ ይለያል። መደጋገሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደጋግሞ ሲጮህ ማን መሆኑ ይበልጥ ይለያል። የሚገርመው፣ የመንጋ መለያ ግን ጩኸቱ ውስጥ አላገኙም። "እኔ ነኝ" ይላል እንጂ "የእነ እንትና ቤት ልጅ ነኝ" አይልም።

ሳቁ ደግሞ ሌላ ነው። ጅብ ሲስቅ ደስ ብሎት አይደለም። ምግብ ላይ ሲነጠቅ፣ ሲሳደድ፣ ሲጨንቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ በነበሩ ጅቦች ላይ የተሠራ ጥናት ከሳቁ ቅጥነትና ውፍረት ዕድሜውንና በመንጋው ውስጥ ያለውን ደረጃ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። ስለዚህ ሳቅ ከሰማችሁ ቅርብ የሆነ ቦታ አንድ የሚበላ ነገር ላይ ጠብ አለ ማለት ነው። ጠዋት አቅጣጫውን ይዛችሁ ብትሄዱ አጥንት ታገኛላችሁ።

ስልካችሁን መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ ቅዱ። ሰዓቱን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። ስልኬ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኔ የምጽፈው በእኛ። በአንድ ወር ውስጥ ጅቡ ሁሉ ከሰዓት በኋላ የሚጮህ ሆኖ ደብተሬ ተበላሸ። አሁን "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ" ብዬ በፊደል እጽፋለሁ።

ውሾቹንም መዝግቡ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለውን ልፈትን ብዬ ለአንድ ወር ያህል የውሻውን ጩኸትና የጅቡን ጩኸት ሰዓት ጎን ለጎን ጻፍኩ። የእኛ ሰፈር ውሾች እውነትም ጅቡ ሲርቅ ነው የሚጀግኑት። በቅርብ ሲሆን ጭጭ ነው።

ነጩ ነገር

ቋንቋችን እዚህ ላይ ሀብታም ነው። የከብት እበት፣ የአህያ ፋንድያ፣ የፍየል በጠጥ፣ የወፍ ኩስ። የጅብ ሲሆን ሰው አፉን ያዝ አድርጎ ነው የሚናገረው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሰገራ ስለምንል እኔ በዚያው እቀጥላለሁ።

የጅብ ሰገራ አዲስ ሲሆን አረንጓዴ ቢጤ ነው፤ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል። ነጭ የሚያደርገው የአጥንቱ ካልሲየም ነው። ሌላው አውሬ የሚተወውን አጥንት ጅብ ሰባብሮ ይውጠዋል፣ ጨጓራው ያቀልጠዋል። ፀጉርና ቀንድ ግን አይፈጭለትም፤ ከፀጉሩ ብዙውን ድብልብል አድርጎ ይተፋዋል፣ የተረፈው ከሰገራው ጋር ይወጣል። ብዙ ጅቦች አንድ ቦታ ላይ ስለሚጸዳዱ ሜዳው በነጭ ተበትኖ ታገኛላችሁ። የግዛት ምልክት ነው።

በባዶ እጅ አትንኩ። ይህን የምለው የሰገራ ባለሙያ ሆኜ ነው። የሥጋ በል እንስሳ ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ የኮሶ ትል ዘር እንቁላል ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ይሆናል። ረጅም እንጨት ያዙ፣ አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። በእንጨቱ ከፈት አድርጋችሁ ፀጉሩን ፎቶ አንሱ። ቤት አታስገቡ። ልጆች ካሉ ጨርሶ አታስነኳቸው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍ ከአፍንጫው ደም የፈሰሰው እንስሳ ጥንብ ካጋጠማችሁ ደግሞ አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አጠገቡም አትድረሱ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ፀጉር? አዎ። ምክንያቱም በዚህ ፀጉር ነው እኔ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ የሚገርመኝ ነገር የተገኘው። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች 553 የጅብ ሰገራ ሰበሰቡና ፀጉሩን በማይክሮስኮፕ ለዩ፤ ከሁዳዴ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ሰገራ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ 33.1 በመቶ ሆነ። ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሰው ለ55 ቀን ሥጋ ሲተው፣ ልኳንዳው ሲዘጋ፣ አጥንቱና አንጀቱ ሲጠፋ፣ ጅቡ አብሮ አልጾመም። ወደ አህያ ዞረ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬን በወር ብቻ ሳይሆን በጾምና በፍስክ ከፈልኩት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ፋሲካ ማግስት የበግ ቆዳ የሚገዛ ጠፍቶ አጥር ስር ሲጣል፣ ዱካው ሁሉ እዚያ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ዱካው ከቆሻሻ ገንዳው ይርቅና ወደ ግቢዎቹ ይጠጋል። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት እናት፣ ውሃና ሲሚንቶ በአህያ የሚያመላልሱ ጎረቤታችን፣ አህያቸውን በአንድ ሌሊት አጡ።

"እማማ፣ የት ነበር የሚያሳድሯት?"

"ደጅ ነዋ ልጄ። ስንት ዓመት ደጅ አድራ ምንም ሆና አታውቅም።"

አዲሷ አህያ አሁን በቆርቆሮ በታጠረ በረት ታድራለች። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሄጄ የበሩን መቀርቀሪያ አይቼላቸዋለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ አህያ፣ በግና ጥጃ ያለው ሰው በጾም ጊዜ ከብቱን ያስገባ።

የሳር ጫፍ ላይ ያለ ሽታ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጅብ ቁመቱ ጉልበት የሚያህል ሳር አግኝቶ በሁለት የኋላ እግሩ መካከል አሳልፎ ይጎትተዋል፤ ፊንጢጣው አጠገብ ካለ እጢ ቢጫ ነጣ ያለ ቅባት ይለቀልቅበታል። ሽታው ርካሽ ሳሙና ከረጠበ ቅጠል ጋር የበሰበሰ ያህል ነው። አንዴ ከሸተታችሁ አትረሱትም፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስትሄዱ አፍንጫችሁ ራሱ ያቆማችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኬንያ ጥናት ሽታው ከየት እንደሚመጣ ፍንጭ ሰጥቷል። እጢው ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እያቦኩ ሽታውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው ነው ነገሩ። የነጠብጣሙና የባለ መስመሩ ጅብ ባክቴሪያዎች ይለያያሉ፣ ሽታውም አብሮ ይለያያል። እርሾ ሊጡን እንደሚያኮመጥጠው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ እርሾ አለው አይደል? ቀኑን ሙሉ ባክቴሪያ ስፈልግ የምውል ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ባክቴሪያ አሳዘነኝ። ሳሩን አትንኩት፤ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱና ቦታውን መዝግቡ።

ካሜራና ሌላ ሌላው

በእንቅስቃሴ የሚነሳ ካሜራ ያለው ሰው ካለ በጣም ጥሩ። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ከጅብ ጅብ ይለያያል፤ ግን የቀኝ ጎኑ ከግራው ጋር አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ጎን ብቻ አስተያዩ። እኔ የለኝም፤ አንዴ ተውሼ ሰቅዬ አንድ መቶ የላስቲክ ፎቶ አነሳልኝ፤ ነፋስ ነበር። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ መመዝገብም ይቻላል። ቦታውን ግን ደብቁት፤ ጎሬ ያለበትን ለዓለም አትናገሩ።

ብትገናኙስ? አትሩጡ፣ ጀርባችሁን አትስጡ። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ድምፃችሁን ከፍ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ ወደ ሰው የሚመጣ ጅብ ካለ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ራቁና አሳውቁ። ጅብም ሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያጥብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ነገ አይባልም።

መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ አለ። መርዝ ጅቡን ብቻ አይገልም፤ ጥንብ አንሳውንም፣ የጎረቤትን ውሻም ይጨርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የማነብለት አንድ የመቀሌ ጥናት አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ። የከተማዋና የአካባቢዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብና የእንስሳ ተረፈ ምርት እንደሚያነሱ አስልተዋል። በዚህ ምክንያት በዓመት አምስት ሰውና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከአባሰንጋና ከከብት ቲቢ ይድናሉ ብለው ገምተዋል። አምስት ሰው ትንሽ ይመስላል። የቲቢ ናሙና ማይክሮስኮፕ ላይ ለምታይ ሰው ትንሽ አይደለም።

የሚያሳዝን ወሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግብፅ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኤልባ አካባቢ አንድ ነጠብጣም ጅብ ተገኘ። በዚያ አገር ከ5,000 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው ተባለ፤ ሱዳን ውስጥ ከሚታወቀው የመኖሪያው ጫፍ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ዘልቆ ነበር። የታወቀው ግን ፍየል በልቶ ሰዎች ከገደሉት በኋላ ነው። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ይሄኛው ቁርበትም አልተነጠፈለት።

ባለፈው ሐሙስ እንደተለመደው 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ጅምሩ ቤት በር ላይ ሁለት የቀን ሠራተኞች አካፋ ይዘው ቆመዋል፤ አባባ ፊታቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አሸዋውን እንደ ድንኳን ከልለው ቆመዋል። ሠራተኞቹ ተናደዋል።

"እስክትመጪ ብዬ ነው" አሉኝ። "ትንሽዬም አለበት።"

ጎንበስ አልኩ። ሁለት ትልልቅ ዱካ፤ አንደኛው ግራ ፊቱን አሳርፎ የሄደው ነው። በሁለቱ መሃል፣ አንዳንዴ ወደዚህ አንዳንዴ ወደዚያ እያለ፣ መዳፌ ውስጥ የሚገባ አዲስ ዱካ። ጄሶው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቀለበቱን አልያዝኩም። አባባ ዘበኛ ቤት ገብተው የዘይት ጀሪካን ይዘው መጡ፤ ቀድመው ቆርጠውታል።